«ቢኖረኝ እገዛ ነበር» በእንግሊዝኛ፦ ላልሆነ ነገር የትኛውን ግስ እንምረጥ?

«ብር ቢኖረኝ ኮምቦልቻ ላይ ቤት እገዛ ነበር።» ደሴም ሆነ ወልዲያ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ደጋግሞ የሚወጣው «ኢፍ አይ ሃቭ መኒ፣ አይ ዎዝ ባይ ኧ ሃውስ ኢን ኮምቦልቻ» የሚል ነው። ስህተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ተማሪው አማርኛውን በታማኝነት ተከትሏል፤ «ቢኖረኝ»ን «ሃቭ» አለው፣ «ነበር»ን ደግሞ ከታች ክፍል ጀምሮ እንደተማረው «ዎዝ» አለው። ግን እዚህ ያለው «ነበር» ያለፈ ነገር እየተረከ አይደለም። ብሩ የለም፣ ቤቱም አልተገዛም፣ ጊዜውም ዛሬ ነው። ትክክለኛው «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኧ ሃውስ ኢን ኮምቦልቻ» ይሆናል።

እንግሊዝኛውን በፊደላችን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ ድምፅ እያወጣችሁ አንብቡት። እነዚህ ቅርጾች በዓይን ብቻ ሲጠኑ ይምታታሉ። ጆሮ ከለመዳቸው ግን የተሳሳተው ገና ከአፍ ሳይወጣ ይሻክራል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ነገር የሚሰጠው በቁጥር ነው፦ ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ስሪ። ቀመሩን የሸመደደ ልጅ ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ ነጥብ ያገኝበታል። አንቀጽ ጻፍ ወይም ተነስተህ ተናገር ሲባል ግን ይጠፋበታል፤ ቀመሩ ከየትኛው ሐሳብ ጋር እንደሚሄድ ማንም አልነገረውማ። ስለዚህ ቁጥሩን ለጊዜው እንተወውና ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ተናጋሪው ነገሩን «ሊሆን ይችላል» ብሎ ክፍት ትቶታል ወይስ «የለም፣ አልሆነም፣ አይሆንም» ብሎ ዘግቶታል? ሁለተኛ፣ የሚወራው ስለ ዛሬና ነገ ነው ወይስ ስላለፈ ጊዜ? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለ«ኢፍ» ሐረግ ለብቻው፣ ለውጤቱ ሐረግም ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ ይታያል።

ነገሩ ክፍት ከሆነ ግሱ የራሱን ጊዜ ይይዛል። ዝግ ከሆነ ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለ ዛሬና ነገ ከሆነ «ኢፍ» ያለበት ሐረግ ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ይወስዳል፤ «ኒው»፣ «ሃድ»፣ «ዌንት» እንደማለት ነው። ስላለፈ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ከዚያም አንድ ደረጃ ወርዶ «ሃድ»ን ከግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር ይይዛል፤ «ሃድ ኖውን»፣ «ሃድ ጎን»። የውጤቱ ሐረግ ለዛሬና ለነገ «ዉድ»ን ከመነሻው ግስ ጋር፣ ላለፈ ጊዜ «ዉድ ሃቭ»ን ከሦስተኛው ቅርጽ ጋር ይፈልጋል።

ላልሆነ ነገር ያለፈ ጊዜ መጠቀም እንግዳ የሚሆንበት ሰው ካለ የራሱን ቋንቋ ያድምጥ። ሌሊቱ የረዘመበት በሽተኛ «ምነው በነጋ!» ይላል። ገና አልነጋም፤ ግሱ ግን «ነጋ» ነው። «ብትጠራኝ በመጣሁ» ያለም ሰው አልመጣም፤ ግሱ ግን «መጣሁ» ነው። እንግሊዝኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያለፈውን ቅርጽ ወስዶ ከእውነታው መራቅን ያሳይበታል።

ወደ ምሳሌ እንግባ። ደላንታን በመሰለ የወሎ ደጋ በልግ የሚዘራ ገበሬ አለ እንበል። ደመናው እየከበደ ሳለ «በዚህ ሳምንት ከዘነበ ገብስ እንዘራለን» ቢል ነገሩ ክፍት ነው፦ «ኢፍ ኢት ሬይንስ ዚስ ዊክ፣ ዊ ዊል ፕላንት ባርሊ»። ሰማዩ ጥርት ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ደግሞ «በዚህ ሳምንት ቢዘንብ እኮ ገብስ እንዘራ ነበር» ይላል፦ «ኢፍ ኢት ሬይንድ ዚስ ዊክ፣ ዊ ዉድ ፕላንት ባርሊ»። ሳምንቱ ያው ነው፣ ዝናቡም ያው ነው፤ የተለወጠው የገበሬው እምነት ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ሆኖ ያለፈውን ሲያስብ «የካቲት ላይ ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ገብስ ዘርተን ነበር» ይላል፦ «ኢፍ ኢት ሃድ ሬይንድ ኢን ፌብሩወሪ፣ ዊ ዉድ ሃቭ ፕላንትድ ባርሊ»።

አሁን አስቸጋሪው ቦታ። «ቢዘንብ ገብስ እንዘራ ነበር» የሚለውን ዛሬ ሰማይ የሚያየውም፣ ያለፈውን ዓመት የሚያስታውሰውም ሊለው ይችላል። አማርኛ ላይ ዐውዱ ይለየዋል፤ አድማጩም አይቸገርም። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ምረጥ ይላል። ብዙ ተማሪዎች «ኖሮ» ካለ ያለፈ፣ ከሌለ የአሁን የሚል ሕግ ለራሳቸው ያወጣሉ። ሕጉ ግማሽ መንገድ ይወስዳል፤ «ኖሮ» ወደ ያለፈው ማድላቱ እውነት ነው። ነገር ግን «ዛሬ አባቴ ቢኖር ኖሮ ደስ ይለው ነበር» ስንል «ኖሮ» እያለም ጊዜው ዛሬ ነው፦ «ኢፍ ማይ ፋዘር ወር አላይቭ ቱዴይ፣ ሂ ዉድ ቢ ሃፒ»። ስለዚህ «ኖሮ»ን ሳይሆን ትናንት፣ አምና፣ ያኔ፣ ዛሬ፣ አሁን የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ከሌሉ ራሳችሁ ጨምሩና ዓረፍተ ነገሩን እንደገና በሉት፤ የትኛው እንደሚስማማ ወዲያው ይታወቃል።

በ«ቢ» የሚጀምር ሁሉ ደግሞ የተዘጋ አይደለም። «ነገ ብትመጣ ደስ ይለኛል» የአክብሮት ልመና ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ ግን እንግሊዝኛው ለትሕትና ሲል አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «አይ ዉድ ቢ ሃፒ ኢፍ ዩ ኬም ቱሞሮው»። «ኬም» እና «ቱሞሮው» ጎን ለጎን መቀመጣቸው አያስደንግጣችሁ። የሥራ ማመልከቻ ወይም ለቢሮ የሚላክ ደብዳቤ ላይ ያለው «አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ» የሚለው አባባል የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። «አይ ዊል ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ካን» ስህተት ባይሆንም ትዕዛዝ ትዕዛዝ ይሸታል።

በተቃራኒው ያለፈ ጊዜ ስላየን ብቻ ነገሩ ምናብ ነው ማለት አይደለም። ይህን ብዙ የመማሪያ ጽሑፍ ይዘለዋል፤ ታይፕ ቁጥር ስላልተሰጠው ይመስለኛል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ግመልም ይሸጥበታል። አንድ ዘመዳችን ሰኞ ባቲ ይዋል አይዋል አናውቅም እንበል። «ሰኞ ባቲ ከነበረ ግመሎቹን አይቷል» እንላለን፦ «ኢፍ ሂ ዎዝ ኢን ባቲ ኦን መንዴይ፣ ሂ ሳው ዘ ካሜልስ»። እዚህ «ዉድ» የለም፣ «ሃድ»ም የለም፤ ያለፈ ነገር ነው፣ ግን ክፍት ነው። እንዳልነበረ ስናውቅ ግን «ሰኞ ባቲ ቢሆን ኖሮ ግመሎቹን ያይ ነበር» እንላለን፦ «ኢፍ ሂ ሃድ ቢን ኢን ባቲ ኦን መንዴይ፣ ሂ ዉድ ሃቭ ሲን ዘ ካሜልስ»። አማርኛው በ«ከ» እና በ«ቢ» ይለያቸዋል። የክፍትና የዝግ ጥያቄ ሲከብዳችሁ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ በሉትና «ከ» ነው ወይስ «ቢ» የሚመጣላችሁ ብላችሁ አድምጡ። ከላይ እንዳየነው የትሕትናው «ብትመጣ» ለየት ይላል እንጂ ይህ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ አያሳስትም።

እውነትም ልማድም የሆነን ነገር ስንናገር ሁለቱም ሐረጎች በአሁን ጊዜ ይሆናሉ። የተለመደው የመጽሐፍ ምሳሌ ውኃ 100 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል የሚለው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለደሴ ተማሪ «ኢፍ ዩ ጎው ሃየር፣ ወተር ቦይልስ አት ኧ ሎወር ቴምፕሬቸር» የሚለው የተሻለ ምሳሌ ነው።

በብዛት የሚሳሳቱ ቦታዎች

የመጀመሪያው በ«ኢፍ» ሐረግ ውስጥ «ዊል» ወይም «ዉድ» መክተት ነው። «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ መኒ»፣ «ኢፍ ኢት ዊል ሬይን»። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ቢዘንብ» ያልደረሰ ነገር ስለሆነ ለተማሪው የወደፊት ጊዜ ምልክት የሚፈልግ ይመስለዋል። እንግሊዝኛ ግን ያንን ሥራ ለ«ኢፍ» ሰጥቶታል። «ዉድ» የውጤቱ ሐረግ ነው፤ «ኢፍ» ካለበት ጎን አይቀመጥም። በንግግር፣ በተለይ በአሜሪካውያን አፍ፣ «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖውን» ሲባል ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ ፈተና ላይ ግን አትጻፉት። «ኢፍ ዩ ዉድ ዌይት ሂር» የሚለው የተፈቀደው «ፈቃድዎ ከሆነ» የሚል ትርጉም ስላለው ነው።

ሁለተኛው «ሃድ ሃድ» ነው። «አምና ብር ኖሮኝ ቢሆን ቤት እገዛ ነበር» ሲባል «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ ላስት ይር፣ አይ ዉድ ሃቭ ቦት ኧ ሃውስ» ይሆናል። ተማሪው ሁለት «ሃድ» ሲያይ የጽሕፈት ግድፈት መስሎት አንዱን ይሰርዛል። ቀረብ ብለን እንየው። የመጀመሪያው «ሃድ» ረዳት ግስ ነው፤ «ሃድ ጎን»፣ «ሃድ ሲን» ላይ ያለው ራሱ ነው፤ ሥራው ወደ ያለፈው ማውረድ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ሃድ» ዋናው ግስ ነው፤ የ«ሃቭ» ሦስተኛ ቅርጽ፣ መያዝን፣ መኖርን የሚናገረው። አንዱን ብትሰርዙት «ኢፍ አይ ሃድ መኒ» ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ስለ ዛሬ ነው። ሲነገር የመጀመሪያው ፈጠን ይላል፣ ጉልበቱ ሁለተኛው ላይ ያርፋል።

«ዉድ ሃቭ» በፍጥነት ሲነገር «ዉደቭ» ይሆናል። ከፊልም የተማረ ጆሮ «ዉድ ኦፍ» ብሎ ይሰማውና እንዲያው ይጽፈዋል። «ኦፍ» ግስ አይደለም፤ እዚያ ቦታ ሊቆም አይችልም። ከ«ሃቭ» በኋላ የሚመጣው ሁልጊዜ ሦስተኛው ቅርጽ ነው፣ ስለዚህ «ዉድ ሃቭ ዌንት» ሳይሆን «ዉድ ሃቭ ጎን»፣ «ዉድ ሃቭ ሳው» ሳይሆን «ዉድ ሃቭ ሲን»፣ «ዉድ ሃቭ ኬም» ሳይሆን «ዉድ ሃቭ ካም»። ቅርጻቸው የሚለዋወጥ ግሶችን ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ «ጎው ዌንት ጎን»፣ «ቴክ ቱክ ቴክን»፣ «ኖው ኒው ኖውን» እያሉ ማነብነብ አሮጌ ዘዴ ነው ተብሎ ይተዋል፤ እኔ እስካሁን ከእሱ የሚሻል አላየሁም።

«አይድ» ተብሎ ሲያጥር ደግሞ «ሃድ»ም «ዉድ»ም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ተከትሎ የሚመጣው ግስ ነው። «አይድ ጎው» ከሆነ «ዉድ»፣ «አይድ ጎን» ከሆነ «ሃድ» ነው። «ካም» መነሻውም ሦስተኛው ቅርጹም አንድ ስለሆነ «አይድ ካም» ሁለቱንም ይሆናል፤ ያኔ «ኢፍ» አለበት ወይ ብላችሁ እዩ። «ኢፍ አይድ ካም» ከሆነ «ሃድ» ነው።

«ኢፍ አይ ዎዝ» ወይስ «ኢፍ አይ ወር»? ለማይሆን ነገር በጽሑፍና በፈተና ለሁሉም ባለቤት «ወር» ተጠቀሙ፤ «ኢፍ ሂ ወር»፣ «ኢፍ ኢት ወር»። በንግግር «ዎዝ» የተለመደ ነው፣ ማንም አያርማችሁም። «ኢፍ አይ ወር ዩ» ግን ሳይነካ የሚነገር አባባል ነው። ከላይ ያለው የባቲ ክፍት ዓረፍተ ነገር ላይ «ወር» ማስገባት ደግሞ በተቃራኒው ስህተት ነው።

አሁን ሁለቱን ሐረጎች ለየብቻ ጠይቁ ወዳልኩት ልመለስ። «ልጅ ሆኜ እንግሊዝኛ በደንብ ብማር ኖሮ ዛሬ አስጎብኚ እሆን ነበር።» መማሩ ያለፈ ነው፣ አስጎብኚ መሆኑ የዛሬ ነው። «ኢፍ አይ ሃድ ለርንድ ኢንግሊሽ ዌል አዝ ኧ ቻይልድ፣ አይ ዉድ ቢ ኧ ቱር ጋይድ ናው» ይሆናል። ታይፕ ስሪን፣ ማለትም ሁለቱንም ሐረግ ያለፈ የሚያደርገውን ቀመር፣ የሸመደደ «ዉድ ሃቭ ቢን» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ያኔ ስለ ዛሬ መሆኑ ይጠፋል። ተገልብጦም ይመጣል፦ «ከፍታ ባልፈራ ትናንት ጦሳ ተራራ እወጣ ነበር»። ፍርሃቱ ዛሬም አለ፣ መውጣቱ ግን የትናንት ነው፦ «ኢፍ አይ ወርንት አፍሬድ ኦፍ ሃይትስ፣ አይ ዉድ ሃቭ ክላይምድ ጦሳ የስተርደይ»። መጻሕፍት «ሚክስድ ኮንዲሽናል» ብለው መጨረሻ ላይ እንደ ከባድ ነገር ያስቀምጡታል። ጥያቄውን ለየሐረጉ የጠየቀ ሰው ግን አዲስ ሕግ አያስፈልገውም።

በ«ዉድ» ፋንታ «ኩድ» እና «ማይት» መግባት ይችላሉ፤ «ኩድ» ለመቻል፣ «ማይት» ለ«ምናልባት»። ይህ በተለይ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ውጫሌ ከሐይቅ ወደ መርሳ ስንሄድ መንገድ ላይ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ስለዚህ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ «ኢፍ ዘ ቱ ቴክስትስ ሃድ ሴድ ዘ ሴም ሲንግ፣ ዜር ዉድ ሃቭ ቢን ኖ ባትል ኦፍ አድዋ» ብሎ ሲደመድም ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ሐሳቡ ግን ከሚያውቀው በላይ ይናገራል። «ኢታሊ ማይት ሃቭ ፋውንድ አናዘር ኤክስኪውዝ» ቢል፣ ሌላ ሰበብ ልታገኝ ትችል እንደነበር ይናገራል፤ እርግጠኝነቱንም በልኩ ያስቀምጣል። «ዉድ ሃቭ» ፍርድ ነው፤ «ማይት ሃቭ» ግምት ነው።

የ«ምነው» ዓረፍተ ነገሮች በ«ዊሽ» ይሄዳሉ፤ ደረጃ መውረዱም ያው ነው። «ምነው እንግሊዝኛ በቻልኩ» ለዛሬ «አይ ዊሽ አይ ስፖክ ኢንግሊሽ» ይሆናል። በጠዋቱ አውቶቡስ ባለመሄዱ የሚቆጭ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ቴክን ዘ ኧርሊ ባስ» ይላል። ዝናቡ አላቆም ብሎት «ምነው ባባራ» የሚል ደግሞ «አይ ዊሽ ዘ ሬይን ዉድ ስቶፕ» ይላል። ይህ «ዉድ» ለሌላ ሰው ወይም ነገር እንጂ ለራስ አይሆንም፤ «አይ ዊሽ አይ ዉድ» አይባልም፣ «አይ ዊሽ አይ ኩድ» ይባላል። እዚህ ጋ በጣም የተስፋፋ ስህተት አለ፦ ለፈተና የሚገባን ልጅ «አይ ዊሽ ዩ ዊል ፓስ» ብሎ መመረቅ። ማለፉ ክፍት ስለሆነ «ዊሽ» ከሐረግ ጋር አይገባበትም፤ «አይ ሆፕ ዩ ፓስ» በሉት። «ዊሽ»ን ከወደዳችሁት ከስም ጋር፣ «አይ ዊሽ ዩ ሳክሰስ» ብላችሁ ተጠቀሙበት።

«ካልዘነበ» ሲሆን «አንለስ ኢት ሬይንስ» ይሆናል። «ባይዘንብ ኖሮ» ሲሆን ግን «አንለስ»ን ትታችሁ «ኢፍ ኢት ሃድንት ሬይንድ» በሉ። «እናቴ ባትኖር ኖሮ ትምህርቴን አቋርጥ ነበር» ስንል ስለ እናት ውለታ እንጂ ስለ መኖሯ አይደለምና እንግሊዝኛው የራሱ አባባል አለው፦ «ኢፍ ኢት ሃድንት ቢን ፎር ማይ ማዘር፣ አይ ዉድ ሃቭ ድሮፕድ አውት ኦፍ ስኩል»። ፈተና ላይ «ኢፍ» ጠፍቶ «ሃድ አይ ኖውን» ብሎ የሚጀምር ካያችሁ ጥያቄ አይደለም፤ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» ነው። «ወር አይ ዩ» እና «ሹድ ዩ ኒድ ሄልፕ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። «ኢትስ ታይም»፣ «አይድ ራዘር ዩ»፣ «ሰፖዝ» ከተባለ በኋላም ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ይመጣል፦ «ኢትስ ታይም ዊ ዌንት»።

ሥርዓተ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ብቻ። አማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁኔታውን ስለሚያስቀድም ተማሪዎቻችን «ኢፍ»ን ከፊት ብቻ ይጽፋሉ። ከፊት ሲሆን በሁለቱ ሐረጎች መካከል ኮማ ይገባል፤ ከኋላ ሲመጣ ኮማው ይቀራል። አንዳንዴ ከኋላ አድርጉት፤ ጽሑፉ ይተነፍሳል።

ለልምምድ ሦስት ዓረፍተ ነገር ላስቀምጥ፤ መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሞክሩት። «ስልክህን ባውቅ እደውልልህ ነበር።» «መንገዱ ባይዘጋ ኖሮ አሁን ሐይቅ ነበርን።» «ትናንት ወልዲያ ከደረሰ ዛሬ ላሊበላ ይገባል።»

የመጀመሪያው ሁለት መልስ አለው። አሁንም ቁጥሩን ካላወቅኩ «ኢፍ አይ ኒው ዩር ነምበር፣ አይ ዉድ ኮል ዩ» ነው፤ የትናንቱን እያወራሁ ከሆነ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን ዩር ነምበር፣ አይ ዉድ ሃቭ ኮልድ ዩ» ነው። ሁለተኛው ላይ «ነበርን» የሚለው ወጥመድ ነው፤ «አሁን» የሚለውን ቃል ያየ ግን አይገባበትም፦ «ኢፍ ዘ ሮድ ሃድንት ቢን ክሎዝድ፣ ዊ ዉድ ቢ ኢን ሐይቅ ናው»። ሦስተኛው «ከ» ነው፣ ስለዚህ ክፍት ነው፦ «ኢፍ ሂ ሪችድ ወልዲያ የስተርደይ፣ ሂ ዊል ጌት ቱ ላሊበላ ቱዴይ»። እዚህ «ሃድ ሪችድ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ መንገደኛው ወልዲያ እንዳልደረሰ ለአንባቢው ነግሮታል፤ አማርኛው ግን እንደዚያ አላለም።